ቀለም የማይዝ ግድግዳ

ጥያቄ፦ የወላጆቻችንን አሮጌ ቤት ከወንድሞቼ ጋር እያደስን ነው። የሳሎኑ የጡብ ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ይረጥባል፣ ልስኑም ይረግፋል። ቀለም ብንቀባውም ተላጠ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ቀለሙን ለጊዜው ተዉት። እርጥበቱ ከታች የሚነሳና ነጭ ጨው የሚተው ከሆነ፣ ግድግዳው ውሃ ከመሬት እየሳበ ነው ማለት ይቻላል። በውጭ በኩል የተከመረውን አፈር ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል አንሱት፤ የአሸንዳውንም ውሃ ከግድግዳው አርቁ። ይህ ሳይሠራ የሚለሰን ልስን ብክነት ነው።

ቀጥሎ እርጥበቱ ከሚታይበት በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ልስኑን አራግፉ፤ ጨውን በደረቅ ብሩሽ እንጂ በውሃ አታጽዱ፣ ውሃ ጨውን መልሶ ወደ ግድግዳው ያሰርገዋል። ከዚያ ይድረቅ፤ ወፍራም ግድግዳ ወራት ይፈጃል። እጅ በበዛበት ቤት ሁሉም የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው።

ለልስኑ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 1 እጅ ኖራና 6 እጅ አሸዋ ይበቃል። ሲሚንቶ ሲበዛ እርጥበቱን አፍኖ ወደ ላይ ይገፋዋል። ልኬቱ በአካፋ ሳይሆን በባልዲ ይሁን፤ የሚያቦካውም አንድ ሰው ብቻ፤ አለበለዚያ እያንዳንዱ ወንድም በራሱ ልክ እየቀላቀለ ልስኑ በየቦታው ይሰነጠቃል። ኖራ ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር አይቅር።