መልስ፦ የእንግዶቼን የመጨረሻ ቀን ደሴ ላይ እንዴት ላሳልፈው?

ሰላም እህትዓለም። ከውጭ የመጡ ቤተሰቦችሽና ጓደኞችሽ አንድ ቀን ብቻ ቀርቷቸዋል፤ አንዷ ደግሞ የባሌት ዳንስ ወዳጅ ናትና ማታ ምን እናሳያት ነው ያልሽው።

መጀመሪያ ሐይቅ ከተማን ከዕቅዱ አውጪው። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ቀኑን ይበላዋል። በዚያ ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማያስገባ ግማሹ እንግዳ ውጭ ቆሞ ይቀራል።

ጠዋት አይጠየፍ አዳራሽ ሂዱ። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት ቤት ነው። የልጅ ኢያሱ አባት መሆናቸውን ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ያለዚያ ሰፊ አሮጌ አዳራሽ አይተው ይወጣሉ። ክፍት መሆኑንም አጣሪ። ጦሳ ተራራ ላይ ጭጋጉ ሲገፈፍ ውጡ። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ትልልቆቹን በመኪና አድርጊያቸው። ጃኬት እንዳትረሱ፣ የደሴ ብርድ ቀልድ አያውቅም።

ማታ ባሌት ፍለጋ አትድከሚ። የባህል ምሽት ቤት ውሰጃት፤ እንደውም በጣም የምትደሰተው እሷ ትሆናለች። ባሌት በእግር ጣት ቆሞ ሰውነትን ወደ ላይ ይስባል። እስክስታ ደግሞ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ሥራውን ለትከሻና ለደረት፣ ለአንገትም ይሰጣል። ዳንስ የለመደ ዓይን ይህን ወዲያው ይይዘዋል። ማሲንቆ ተጫዋቹን ትዝታን፣ ባቲንና አምባሰልን ተራ በተራ እንዲጫወት ጠይቂው። የቅኝቱ ልዩነት የሚገባው እንዲያ ተከታትሎ ሲሰማ ነው። ሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብርም ያዙ።

በረራቸው ከኮምቦልቻ ከሆነ ግን ብዙ አታምሹ። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ነው፣ በጊዜ መነሳት ይሻላል።