በቼሳፒክ ጨዋማ ረግረግ ውስጥ ትልልቅ ዓሣዎች ለምን አይታዩም? ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት ምሥራቃዊ ዳርቻ ከልጆችዎ ጋር በጎበኙት ረግረግ ውስጥ ጣት ከሚያህሉ ዓሣዎች በቀር ምንም እንዳላዩ ገልጸው፣ ቦታው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ትልልቅ ዓሣዎች መራቢያ ነው መባሉ እውነት ስለመሆኑ መጠየቅዎን አንብቤያለሁ። በዚያው አካባቢ በዓሣ ጥናት ላይ የመስክ ረዳት ሆኜ ለዓመታት መረብ ስጎትት ስለቆየሁ፣ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልዎ። አብዛኞቹ ትልልቅ ዓሣዎች በረግረጉ ውስጥ እንቁላል አይጥሉም፤ ነገር ግን የብዙዎቹ ጫጩቶች እዚያ ያድጋሉ፣ ያደጉትም ከረግረጉ የሚወጣውን ይመገባሉ።

ከገለጻዎ እንደተረዳሁት የደረሱት ውኃው በሸሸበት ሰዓት ነው። የባሕሩ ውኃ በቼሳፒክ በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። በባሕረ ሰላጤው መካከለኛ ክፍል የከፍታው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ቢሆንም፣ መሬቱ ደልዳላ በመሆኑ ያች ትንሽ ልዩነት ስፓርቲና የሚባለውን ሰፊ የጨዋማ ረግረግ ሣር ከሥሩ እስክታጥለቀልቀው ትደርሳለች። ዓሣዎቹ በጠባብ ቦዮች አድርገው ወደ ሣሩ የሚገቡት በዚህ ሰዓት ነው። ስለዚህ እኛ ውኃው ሲሞላ በቦዩ አፍ ላይ መረብ እንዘረጋና ሽሽቱን እንጠብቃለን። ሲሸሽ የሚወጣው ብዛት፣ ቦዩን ባዶ ሆኖ ያየውን ሰው ያስደንቃል፤ ሙሚቾግና ሲልቨርሳይድ የሚባሉ ትናንሽ ዓሣዎች፣ ትናንሽ ሽሪምፖችና ሸርጣኖች፣ እንደ ወቅቱም ስፖት፣ ሜንሃደንና ኋይት ፐርች የሚባሉ ዓሣዎች ጫጩቶች ይገኙበታል።

ልጆችዎ ያዩት ምናልባት ሙሚቾግን ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው እርሱን ነው። ርዝመቱ ከአሥር ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፈው ይህ ዓሣ ከጨው አልባ ውኃ ጀምሮ ከውቅያኖስ እጅግ እስከሚበልጥ ጨዋማነት ድረስ ይቋቋማል። በሞቃቱ ወራት ሌሊት በረግረግ ኩሬዎች ውስጥ ኦክስጅን ሊያልቅ ሲቃረብ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ከሚነካው ስስ የውኃ ሽፋን ይተነፍሳል፣ የብርዱን ወራትም ብዙውን ጊዜ በኩሬው ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ያሳልፋል። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ በሚያስከትሉት ከፍተኛ ሙላት ወደ ረግረጉ የላይኛው ክፍል ወጥቶ እንቁላሎቹን በሣሩ ግርጌ ወይም ባዶ በሆኑ ዛጎሎች ውስጥ ይጥላል። እንቁላሎቹ ከውኃ ውጭ በእርጥበት ብቻ ያድጋሉ፤ ፅንሱ ለመፈልፈል ቢደርስም ቀጣዩ ከፍተኛ ሙላት እስኪያጥለቀልቀው ድረስ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የሕዋ ጣቢያ በስካይላብ ወደ ሕዋ የተወሰደው የመጀመሪያው ዓሣም ሙሚቾግ ነበር።

ከሌሎቹ ብዙዎቹ ግን እንግዶች ናቸው። ሜንሃደንና ስፖት ከባሕረ ሰላጤው ውጭ በውቅያኖስ ይራባሉ፤ እጮቻቸው በብርዱ ወራት መጨረሻና ሙቀት መግባት ሲጀምር ከውኃው ጋር ወደ ውስጥ ይገባሉ። በአካባቢው ሮክፊሽ የሚባለው ስትራይፕድ ባስ ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ ወደ ወንዞቹ ጨው አልባ ክፍል ወጥቶ ይራባል። የጣና ሐይቅ ትላልቅ ባርቦች በዝናብ ወራት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች እንደሚወጡት ሁሉ፣ እነዚህም በሕይወታቸው ከአንድ በላይ ውኃ ያስፈልጋቸዋል። የቼሳፒክ ጨዋማነት ከላይ በሰስኩሃና ወንዝ መግቢያ ዜሮ ሲሆን በአትላንቲክ መውጫው ከውቅያኖሱ ጋር ይቀራረባል። ዝናብ በበዛበት ዓመት ጨው አልባው ውኃ ወደ ታች ስለሚገፋ፣ አምና ስፖት ባገኘንበት ቦይ ዘንድሮ ኋይት ፐርች ሊበዛበት ይችላል። በአንድ ቀን ባዩት ብቻ ስለ አንድ ረግረግ መፍረድ የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ትልልቆቹን በተመለከተ፣ ውኃው መሸሽ ሲጀምር የቦዩን አፍ ተመልከቱ። በሣሩ ውስጥ ትላትልና ጥቃቅን ነፍሳትን ሲመገቡ የቆዩት ትናንሽ ዓሣዎች ወደ ጥልቁ ውኃ ለመውጣት ይገደዳሉ፤ ሮክፊሽና ኋይት ፐርች በዚያ አድፍጠው ይጠብቋቸዋል። ብርዱ ሲቃረብ ደግሞ ያደጉት ጫጩቶች ራሳቸው ረግረጉ ውስጥ ያፈሩትን ሥጋ ይዘው ይወጣሉ። ከመጠን ባለፈ አጥማጅነትና በመራባት ድክመት የተነሣ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1990 ሮክፊሽ ማጥመድን ሙሉ በሙሉ ከልክላ ነበር፤ በእኔ አመለካከት ግን ጫጩቱና ምግቡ ያሉበት ዳርቻ ካልተጠበቀ የማጥመድ ክልከላ ብቻውን አይበቃም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም የዳርቻው ጉዳይ ነው። ሣሩ ከውኃው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ በግንብ ወይም በድንጋይ ክምር ሲተካ፣ ትንሹ ዓሣ የሚሸሸግበትና የሚመገብበት ጥልቀት የሌለው ስፍራ ይጠፋል፤ በግንብ አጠገብ የምንጎትተው መረብም ብዙውን ጊዜ ቀሎ ይወጣ ነበር። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ የመሬት ባለቤቶች፣ ቦታው እስከፈቀደ ድረስ፣ ዳርቻቸውን በግንብ ፋንታ በሣርና በመሰል ተፈጥሯዊ ዘዴ እንዲጠብቁ መደንገጓ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የባሕሩ ከፍታ መጨመርና የመሬቱ መስመጥ ቀጥለዋል፤ በዶርቼስተር ካውንቲ የሚገኘው የብላክዎተር የዱር እንስሳት መጠለያ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ ወደ 2,000 ሄክታር የሚጠጋ ረግረግ አጥቷል።

ድጋሚ ሲሄዱ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይሁን። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በነፃ የሚያወጣውን የሙላት ሰዓት ሠንጠረዥ አይተው፣ ውኃው ጫፍ ከመድረሱ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው በአንድ ትንሽ ቦይ አፍ ላይ ይቁሙ፤ ሽሽቱ ከጀመረ በኋላም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆዩ። ሣሩን ላለመርገጥ ልጆቹ በእንጨት መተላለፊያው ላይ ቢሆኑ ይመረጣል፤ መረብ ለመጠቀም ካሰቡ ደግሞ የግዛቲቱን የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የፈቃድ ደንብ አስቀድመው ይጠይቁ።