አንበሳውን ለጊዜው ተዉት

ልጆች፣ ፒያሳ ላይ ማህተም ስቀርጽ ፀጉሬ ሸበተ። ሰሞኑን ደግሞ የቤተሰብ አርማ የሚያዘኝ በዝቷል። ለሠርግ መጥሪያ፣ ለሱቅ፣ ለሳሎን ግድግዳ። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ የሚያሳየኝ አንድ ነው፤ ጋሻ፣ ሁለት አንበሳ፣ ከላይ ዘውድ።

ባለፈው የመጣው ልጅም ያንኑ አሳየኝ።

"ማን አሳደገህ?" አልኩት።

"አያቴ።"

"ምን ትሠራ ነበር?"

አፈር አለ። "ጥጥ ትፈትል ነበር፣ ጋሼ። በሷ ፈትል ነው የተማርኩት።"

ታዲያ አንበሳው ከየት መጣ?

አውሮፓ ውስጥ አርማ የተጀመረው በ12ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ፊቱን በብረት የሸፈነ ፈረሰኛ በጋሻው እንዲለይ። ስለዚህ ከሩቅ መታየት አለበት። ወርቅማ በብርማ ላይ፣ ቀይ በሰማያዊ ላይ አይደረብም፤ ይዋጣል። "የአባትህ ስም አርማ ይኸውልህ" የሚሏችሁን ነጋዴዎች አትስሙ። በእንግሊዝ አርማ የሚሰጠው ለሰውየውና ለዘሩ እንጂ ስሙ ለገጠመ ሁሉ አይደለም። እኛ ዘንድ ደግሞ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል!

በስም ሲጫወቱ ግን እወድላቸዋለሁ። የዳግማዊት ኤልሳቤጥ እናት ቤተሰብ ቦውዝ-ላየን ይባላል። "ቦው" ቀስት፣ "ላየን" አንበሳ ነው። አርማቸው ላይም ቀስትና አንበሳ አለ። የኛው ሰምና ወርቅ በሉት። እኛም የፈረስ ስም አለን፤ ጊዮርጊስ አጠገብ ፈረስ ላይ ያሉት ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው። በሁለት ቃል ሰው ይሳላል።

ለልጁ እንዝርት ሣልኩለት። በሰማያዊ ጋሻ ላይ ነጭ ዘንግ፣ አንድ ክብ፣ የተጠቀለለ ክር። ከአስፋልት ማዶ ይለያል። መጀመሪያ አልተዋጠለትም። "ሰው ምን ይላል?" አለኝ።

አልፈረድኩበትም። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ምኒልክ ባለእጅን በሙያው የሚሰድብ ይቀጣ ብለው ያሳወጁት አባቴ ሳይወለድ ነው፤ ስድቡ ግን እኔም ዘንድ ደርሷል። ስለዚህ ለራሴ ሱቅ የቀረጽኩት ማህተም አንበሳ ነበር። አባቴ አንድ ቀን መጥቶ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። "መስመሩ ጥሩ ነው" አለ። ሌላ አልተናገረም።

እናንተ ሽማግሌዎቻችሁ ሳያልፉ ጠይቁ። በእጃቸው ይዘውት የኖሩትን አንድ ዕቃ ምረጡ፤ አንድ ይበቃል።

እኔም አሁን አዲስ ማህተም ጀምሬያለሁ። የአባቴ ወናፍ አስቸገረኝ፤ ሲያንስ ከረጢት ይመስላል። ማጭድ ሳይሻል አይቀርም፣ እሱም ብቻውን። መዶሻውን ከጨመርኩበት ደርግ ተመለሰ ይሉኛል።