ባንኩ «ሂሳብ አንከፍትም» ሲል

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። የጥገኝነት ጥያቄዬ ውድቅ ተደርጎ በዱልዱንግ፣ ማለትም ከአገር መባረሬ ለጊዜው እንደታገደ በሚገልጽ ወረቀት፣ ተቀምጫለሁ። ሥራ ባገኝም አሠሪዬ ደመወዝ የሚከፍለው በባንክ ብቻ ነው። ሁለት ባንክ ሄጄ «ፓስፖርት የለህም፣ ሹፋህም (የዕዳና የክፍያ ታሪክ መዝገብህም) ጥሩ አይደለም» ብለው መለሱኝ። ባንክ እንደ መብራትና ውኃ የግድ አይደለም ወይ? ማስገደጃ የለም?

መልስ፦ አለ። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከጁን 2016 ጀምሮ ለግለሰቦች ሂሳብ የሚከፍት ባንክ ሁሉ መሠረታዊ ሂሳብ የመክፈት ግዴታ አለበት። ጥገኝነት ጠያቂም፣ ቋሚ አድራሻ የሌለውም፣ እንደ እርስዎ ዱልዱንግ የያዘም መብቱ አለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና መስኮቱ ጋ ነው። «ጂሮኮንቶ» (ተራ የባንክ ሂሳብ) ካሉ ባንኩ እንደ ፈለገ ሊመልስዎት ይችላል። «ባዚስኮንቶ» ይበሉ፤ መሠረታዊ ሂሳብ ማለት ነው። መደበኛውን የማመልከቻ ቅጽ ባንኩ መስጠት አለበት፤ ካንገራገረ ከባንኮች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከባፊን ድረ ገጽ አትመው ይውሰዱ። አንዱንም ክፍት ቦታ ሳይተዉ ሞልተው ያስገቡና የተቀበሉበት ቀን ያለበትን ቅጂ ይያዙ። ባንኩ መልስ እንዲሰጥ የተወሰነለት 10 የሥራ ቀን የሚቆጠረው የተሟላ ማመልከቻ ከደረሳቸው ጀምሮ ነው፤ ቅጂው ከሌለ ቀኑን የሚያስረዳልዎት የለም።

ስለ ፓስፖርቱ፦ ፎቶ ያለበት ዱልዱንግ ለዚህ ሂሳብ መታወቂያ ሆኖ ያገለግላል፤ ይህን የሚፈቅድ ደንብ በዚያው በ2016 ወጥቷል። ቀኑ እንዳያልፍበት ብቻ ይጠንቀቁ። ሹፋም ቢሆን መከልከያ ምክንያት አይደለም። ሌላ ባንክ ውስጥ የሚሠራ ሂሳብ ካለዎት ግን ባንኩ መከልከል ይችላል፤ ያ ባንክ እንደሚዘጋው ካሳወቀዎት ደብዳቤውን ያያይዙ።

በአፍ «አይሆንም» መባል እንደ መልስ አይቆጠርም። ክልከላው በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ፣ ያለ ክፍያ ሊሰጥዎት ይገባል። ያንን ወረቀትና የማመልከቻውን ቅጂ ይዘው ለባፊን ያመልክቱ፤ ባንኩን «ክፈት» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን አለው። 10ሩ ቀን ያለ መልስ ካለፈም እንዲሁ።

የመብራትና የውኃው ንጽጽር የሚላላው ዋጋው ላይ ነው። ታሪፍ የሚቆርጥ የለም፤ ሕጉ «ተመጣጣኝ ክፍያ» ብሎ ያልፋል። ያም ሆኖ የጀርመን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 30 ቀን 2020 አንድ ባንክ በመሠረታዊ ሂሳብ ላይ የጣለውን በወር 8.99 ዩሮ፣ በወረቀት ለሚላክ ገንዘብ ደግሞ 1.50 ዩሮ አይጸናም ብሏል። ተጨማሪው ወጪ በደንበኛው ሁሉ ላይ ይከፋፈል እንጂ በእነዚህ ሰዎች ትከሻ ላይ ብቻ አይጫንም ማለቱ ነው። በእኛ እምነት ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የክፍያ ዝርዝሩን ያስወጡ።

ባንኩ ከቀሪው ሂሳብ በላይ የማበደር ግዴታ የለበትም። ደመወዝዎ በወሩ መጨረሻ የሚገባ ከሆነ የቤት ኪራዩ የሚቆረጥበትን ቀን ከዚያ በኋላ ያድርጉት፤ ካልሆነ ገንዘብ የለም ተብሎ ይመለሳል።