ያላሰማሁት ፊሽካ፦ ለቻርሊ ቻፕሊን ወዳጅ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ቻርሊ ቻፕሊን ፊልሞችና ሙዚቃ ስትወያዩ እንድገኝ ጋብዛችሁኝ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳዳምጣችሁ አመሸሁ። ከመካከላችሁ አንዱ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ፊልሙ ድምፅ አልባ ከሆነ እኛ የወደድነውን ሙዚቃ ብናስገባበት ምን ይጎድልበታል?» ሲል ጠየቀኝ። «አስቤበት እነግርሃለሁ» ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ለመናገር የምፈልገው የማሰቢያ ጊዜ አልነበረም፤ ጥያቄው አርባ ዓመት ገደማ በሆዴ ይዤው የኖርኩትን አንድ ምሽት ስለቀሰቀሰብኝ አፌ ተሳሰረ። ይኸው አሁን በጽሑፍ እመልስልሃለሁ፤ ሌሎቻችሁም አንብቡት።

በ1978 ዓ.ም. ክረምት የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበርኩ። በሰፈራችን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በቪዲዮ ዴክ ፊልም እናሳይ ነበር፤ ሽቦ ማገናኘትና ድምፅ ማስተካከል ስለምችል መሣሪያው ሁሉ በእኔ እጅ ነበር። አንድ ሳምንት «ሲቲ ላይትስ» የተሰኘውን የቻፕሊን ፊልም በውሰት አገኘን። ድምፅ አልባ ፊልም መሆኑን ሰምቼ ስለነበር፣ ድምፅ አልባ ማለት ባዶ ማለት መሰለኝ፤ ባዶውን መሙላት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው ብዬ አሰብኩ። ፊልሙን አስቀድሜ አላየሁትም። ይልቁንም ሁለት ሌሊት ሙሉ ቁጭ ብዬ፣ የወቅቱን ፈጣን ፈጣን ዘፈኖች እየመረጥኩ በአንድ የ90 ደቂቃ ካሴት ላይ ቀዳሁ። ቅዳሜ ማታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግሁና ቴፑን ከፈትኩት። በሥራዬ ኮርቼ እንደነበር ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

በሰፈራችን አኮርዲዮንና ፒያኖ የሚያስተምሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። በዚያን ምሽት ስድስት ወይም ሰባት ተማሪዎቻቸውን አስከትለው መጥተው፣ ልጆቹን ከፊት አስቀምጠው እርሳቸው ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ፊልሙ ሐውልት በሚመረቅበት ሥነ ሥርዓት ይጀምራል። ባለሥልጣኖቹ እየተነሡ ንግግር ያደርጋሉ፤ ቻፕሊን ግን በቃላት ፈንታ ከአፋቸው እንደ ተበላሸ መለከት ያለ ጩኸት እንዲወጣ አድርጓል። ከዚያ ከርታታው፣ ማለትም ቻፕሊን ራሱ የሚጫወተው ድሃ ተንከራታች፣ ሱሪው በሐውልቱ ሰይፍ ተሰክቶ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሔራዊ መዝሙር ይጀመራል፤ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም እርሱም እንደተንጠልጠለ ቀጥ ለማለት ይታገላል። እኛ አዳራሽ ውስጥ ይህ ሁሉ በጭፈራ ዘፈን ታጅቦ አለፈ። መዝሙሩን ያልሰማ ሰው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ስለምን እንደ ድንጋይ እንደቆመ በምን ያውቃል? ጥቂት ሰዎች በመውደቅ በመነሣቱ ሳቁ እንጂ ምኑ እንደሚያስቅ የገባው አልነበረም። እኔም ራሴ አልገባኝም ነበር።

ከርታታውን ወዳጅ ያደረገው ሚሊየነር ግብዣ ላይ ስንደርስ፣ ከፊት የተቀመጡት ልጆች እርስ በርስ እየተጎሻሸሙ ወደ መምህራቸው ዘወር ዘወር ማለት ጀመሩ። ለካስ እርሳቸው አስቀድመው ነግረዋቸው ኖሯል። ከርታታው ፊሽካ ይውጣል፤ ስቅታ ይይዘዋል፤ ስቅ ባለው ቁጥር ፊሽካው ከሆዱ ውስጥ ይጮኻል። ሊዘፍን የተነሣው ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ያቋርጠዋል፤ አፍሮ ወደ ውጭ ቢወጣም የተጠራ መስሎት ታክሲ ይቆምለታል፣ ውሾችም ተሰብስበው ይከተሉታል። እኛ ጋ ግን ዘፋኙ ያለ ምክንያት አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይቆጣል፤ ቴፑም የራሱን ዘፈን ይለቃል። አዳራሹ ዝም አለ። በዚህን ጊዜ ከኋላ ፉጨት ተሰማ። መምህሩ ሁለት ጣቶቻቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ ቻፕሊንን ስቅ ባለው ቁጥር ሳያዛንፉ ያፏጩ ነበር። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ሳቁም ወደ ሌላው ሰው ተዛመተ።

እኔ ተናደድኩ። ሥራዬን ያበላሹብኝ መሰለኝ። በወንበሮቹ መካከል አልፌ ሄጄ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አባት፣ ይህ የሠርግ ቤት አይደለም፤ ዝም ብለው ማየት ካልቻሉ ይውጡልን» አልኳቸው። እርሳቸው ቀና ብለው አዩኝና በለሆሳስ «ልጄ፣ ፊሽካው እኮ እዚያው ውስጥ አለ» አሉኝ። ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ፤ ልጆቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ጥቂት ቆይቶ የካሴቱ አንድ ፊት አለቀና፣ እስክገለብጠው ድረስ አዳራሹ ያለ አንዳች ድምፅ ቆየ። ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

የተዋስነውን የፊልሙን ካሴት ከመመለሴ በፊት ማክሰኞ ዕለት ለብቻዬ ተቀምጬ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍቼ ፊልሙን ከመጀመሪያው አየሁት። ፊሽካው እዚያው ውስጥ ነበር። መዝሙሩም፣ የተበላሸው መለከትም፣ ከርታታው የሚወዳት ዓይነ ስውር አበባ ሻጭ በታየች ቁጥር የሚመለሰው ዜማም እዚያው ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው በማግሥቱ ልሄድ አሰብኩ፤ አፈርኩና ለሳምንት አራዘምኩት፤ ሳምንቱ ወር ሆነ። ከዚያም ሥራ አግኝቼ ወደ ሌላ ከተማ ሄድኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስመለስ መምህሩ አርፈው፣ ቤታቸው ሌላ ሰው ገብቶበት አገኘሁት።

ቻፕሊን ይህን ፊልም ለሕዝብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ተናጋሪ ፊልም ሆሊውድን ካጥለቀለቀ ዓመታት አልፈው ነበር። ንግግር አልፈልግም ያለው አውቆ ነው። ሙዚቃውን ግን ለየቲያትር ቤቱ ፒያኖ ተጫዋች መተው አልፈለገም፤ ራሱ ደርሶ ከፊልሙ ጋር አስቀረጸው። ኖታ ማንበብም ሆነ መጻፍ አይችልም ነበር። ቫዮሊንና ቼሎ በግራ እጁ፣ ጅማቶቹን አዟዙሮ ይጫወታል፤ ዜማውን እያንጎራጎረና ፒያኖ ላይ እየፈለገ ለአርተር ጆንስተን ይሰጠዋል፣ ጆንስተን ይጽፍለታል፣ አልፍሬድ ኒውማን ደግሞ ኦርኬስትራውን ይመራል። በግለ ታሪኩ እንደሚተርከው፣ አቀናባሪዎቹ የሚያስቅ ሙዚቃ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር፤ እርሱ ግን ሙዚቃው ከቀልዱ ጋር እንዲፎካከር አልፈቀደም፤ የጨዋና የፍቅር ዜማ ሆኖ ከከርታታው በተቃራኒ እንዲቆም ነበር የሚፈልገው። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም እኔ በሁለት ሌሊት የሠራሁት እርሱ ያልፈለገውን ነበር። ሰው ሲወድቅ የሚያስቅ ዜማ ብትደርቡበት ውድቀቱን ሁለት ጊዜ ነገራችሁን ማለት ነው፤ ለስላሳ ዜማ ብታደርጉበት ግን የወደቀው ሰው ክብር እንዳለው ተመልካቹ ያስታውሳል።

ከእናንተ አንዱ የፊልሙ ዜማ ሁሉ የቻፕሊን ነው ሲል ሰምቻለሁና ላርም። የአበባ ሻጯ ዜማ «ላ ቪዮሌቴራ» የተባለው የስፔናዊው የሆሴ ፓዲያ ሥራ ነው፤ ስሙ ሳይጠቀስ በመቅረቱ ፓዲያ ከስሶ ረትቷል። የምንወደውን ሰው ጥፋት መሸፈን ፍቅር አይመስለኝም።

እናንተ ዛሬ የቻፕሊንን ፊልም በሠላሳ ሰከንድ ቆርጣችሁ፣ ዘፈን ደርባችሁ በስልክ ትቀባበላላችሁ። ትዕግሥታችሁ አጭር መሆኑ ያሳዝነኛል፤ የሰማንያ ሰባት ደቂቃ ፊልም ሳያቋርጥ የጨረሰ ከእናንተ መካከል ስንት እንደሆነ ብጠይቅ የማፍረው እኔ እንዳልሆን እፈራለሁ። በሌላ በኩል ግን እናንተ ባትቀባበሉት ኖሮ የእኔ የልጅ ልጅ የቻፕሊንን መልክ ባላወቀ ነበር፤ ስለዚህ ጨርሶ ተዉት ለማለት አፌ አይደፍርም። ደግሞም እርሱ ራሱ የ1925ቱን «ዘ ጎልድ ረሽ» በ1942 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከልሶ ቆርጦ፣ ሙዚቃና የራሱን ትረካ ጨምሮበታል። በ1928 የወጣውን «ዘ ሰርከስ» በ1969 እንደገና ሲያወጣው፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል በገዛ ድምፁ የዘፈነውን መክፈቻ አድርጎለታል። ለ1936ቱ «ሞደርን ታይምስ» የደረሰው ዜማም ግጥም ያገኘው በ1954 በሌሎች ሰዎች እጅ ነው፤ ናት ኪንግ ኮል ሲዘፍነው ፊልሙን አይቶ የማያውቅ ሁሉ ወደደው። እንግዲህ የቆየ ሥራን መንካት ሁሌም ጥፋት ነው ብል ዋሽቻለሁ።

ልዩነቱ የገባኝ የዴቪድ ራክሲንን ታሪክ ሳውቅ ነው። ለ«ሞደርን ታይምስ» ሙዚቃ ዝግጅት ሲቀጠር የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ የመሰለውን ፊት ለፊት ስለተናገረ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተባረረ፣ ወዲያው ደግሞ ተጠርቶ ተመለሰ። ራክሲን ከቻፕሊን ጋር የተከራከረው እያንዳንዱን ዜማ አብሮት ተቀምጦ እየሰማ፣ እየጻፈ ነው። እኔ ግን ሳልሰማ አጠፋሁት። በሙያዬ ሠላሳ ስድስት ዓመት የቲያትርና የፊልም ድምፅ ስሠራ፣ ማንም የሰጠኝን ሥራ ዓይኔን ጨፍኜ እስከ መጨረሻው ሳላዳምጥ አንድ ቁልፍ ነክቼ አላውቅም፤ ይህን ልማድ ያስያዘኝ ትምህርት ቤት ሳይሆን ያ ማክሰኞ ነው። ሰዓት አክብሩ፣ መሣሪያ ፈትሹ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

ለጠየቅኸኝ ልጅ፦ ምን ይጎድልበታል ላልከኝ፣ ለእኔ የጎደለብኝ አንድ ፊሽካና አንድ አዛውንት ናቸው። የራስህን ሙዚቃ ልታስገባ ብትፈልግ አልከለክልህም። መጀመሪያ ግን በመጪው ቅዳሜ «ሲቲ ላይትስ»ን እንዳለ፣ ሳይቆረጥ አሳዩን። ዓይኗ የበራላት አበባ ሻጭ የከርታታውን እጅ ስትዳስስ፣ ያን ሰው በመዳፉ ብቻ ስታውቀው፣ ከሥር ያለውን ሙዚቃ ስማና ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። እኔ ከኋላ ግድግዳው ሥር እቀመጣለሁ። ግብዣው ጋ ስትደርሱ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ።