የይሁዳን ዓይን ቁጠሩ፦ ቅዱስ ሥዕል ለምትስሉ ልጆቼ

ባለፈው ሳምንት መንዝ ያለ አንድ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ለአጥቢያው ቤተክርስቲያን የሳለው የጸሎተ ሐሙስ እራት ነው፣ ከሥሩ «ጋሼ እንዴት አዩት?» ይላል። አየሁት፣ ስልኩ ላይ አጉልቼም አየሁት። እጁ ጎበዝ ነው፣ የጌታችንን ጣቶችና የገበታውን ጨርቅ እጥፋት የሠራበት መንገድ እኔ በሱ ዕድሜ የማልሞክረው ነው። ግን ያን ቀን መልስ አልጻፍኩለትም። ገበታው ላይ አሥራ ሦስት ሰው አለ፣ አሥራ ሦስቱም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው፣ አሥራ ሦስቱም አክሊለ ብርሃን አላቸው፣ ይሁዳን ብፈልገው ብፈልገው ከአንዲት ከረጢት በቀር የሚለይበት ምልክት አጣሁ።

ለሱ ብቻ መልሼ ልተወው ነበር፣ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ሞላሌ ላይ አረርቲ ላይ ሸዋ ሮቢት ላይ እንደሱ ብሩሽ የያዛችሁ ብዙ ልጆች አላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁን አውቃችኋለሁ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ስልኬን ከሰው ተቀብላችሁ ምትደውሉልኝ ናችሁ፣ እኔም ዕድሜዬ እየገፋ ነው እጄም እንደ ድሮው ጸጥ አይልልኝም፣ ስለዚህ አንዴ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ልጁን አልወቅሰውም፣ ይሄንኑ ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁና። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ የኔታ ሥር ስድስት ዓመት ሙሉ ቀለም ስበጠብጥና ሸራ ስወጥር ቆይቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሥራ ተሰጠኝ፣ የገጠር ቤተክርስቲያን ነው ስሙን አልጠራውም። ያኔ ኢንተርኔት የለ ምን የለ፣ አንድ ካላንደር ላይ የዳ ቪንቺ የመጨረሻው እራት ታትሞ አገኘሁና በካሬ በካሬ ከፋፍዬ ገለበጥኩት። ባዶ ሲመስለኝ ለሁሉም አክሊለ ብርሃን ጨመርኩበት፣ ያምራል ብዬ ነው ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበረኝም። ለፋሲካ ደረሰ፣ ሰዉም ወደደው።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ አንድ ጠዋት የሥዕሉን ጠርዝ ላስተካክል ገብቼ መሰላሉ ላይ እያለሁ አንዲት እማሆይ ገቡ። ዱላቸውን ከምሰሶው አስደገፉ፣ ነጠላቸውን አጣፉ። ሥዕሉ ዝቅ ብሎ ስለተለጠፈ እጃቸው ይደርሳል። ከግራ ጫፍ ጀመሩ፣ የሐዋርያውን የልብሱን ጫፍ በጣታቸው ነካ ያደርጋሉ፣ ጣታቸውን ይስማሉ፣ ግንባራቸውን ያስነካሉ፣ ቀጥሎ ያለው ጋ ያልፋሉ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው ከረጢት የጨበጠው ነው። እኔ ከረጢቱን ምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ነበር የገለበጥኩት። እማሆይ ከረጢቱን የያዘውን እጅ ነኩና ጣታቸውን ሳሙ፣ ግንባራቸውን አስነኩ፣ ወደ ጴጥሮስ አለፉ።

እኚህ ሴትዮ ከሁለት ሳምንት በፊት በሰሙነ ሕማማት መስቀል እንኳ አልተሳለሙም፣ ማንም አልተሳለመም፣ ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ስለሰጠው ሳምንቱን ሙሉ መሳሳም የለም። ይሄን ሥርዓት ከልጅነታቸው ጀምሮ የጠበቁ ናቸው። እኔ ግን ይሁዳን አሳምሬ አክሊል ደፍቼለት እጃቸው በሚደርስበት ቦታ አስቀመጥኩላቸው። ማታ ሄጄ ለየኔታ ነገርኳቸው። ብዙ አልተቆጡኝም፣ «እሳቸው ምን ያድርጉ፣ አንተ ነህ አምጥተህ ከከንፈራቸው ያደረስከው» ብቻ አሉኝ። በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ገባሁና አክሊሉን በቢላ ፍቄ ፊቱን ወደ ጎን አዞርኩት፣ አንድ ዓይን ብቻ አስቀረሁለት።

አሁን ነገሩን ላስረዳችሁ። በኛ ሥዕል ቅዱስ የሆነ ሰው ፊት ለፊት ወይም ትንሽ ዘወር ብሎ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሳላል፣ ክፉ የሆነው ግን በጎን ይሳላል አንድ ዓይኑ ብቻ ነው ሚታየው፣ ይሁዳም፣ የሚገርፉት ወታደሮችም፣ ሰይጣንም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሥዕሉን የሚያነበው በዚህ ነው። የዳ ቪንቺን ሥራ ደግሞ ዝቅ አድርጌ እያየሁት አይደለም፣ ትልቅ ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1495 እስከ 1498 ሚላን ውስጥ የአንድ ገዳም መመገቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሳለ ነው። እሱም ይሁዳን ለይቶታል እኮ! ከረጢት አስይዞታል፣ ወደ ኋላ ሸሸት አድርጎ ፊቱን ጥላ አልብሶታል፣ ለማንም ደግሞ አክሊል አላደረገም። የሱ አገር ሰው በዛ ምልክት ያነበዋል። እኛ ስንገለብጠው ፊቱን አብርተን አክሊል ስንጨምርበት የሱንም ምልክት አጠፋን የኛንም አላስገባን፣ መሀል ላይ ቀረን።

የውጭ ሥዕል አትዩ ማለቴ ግን በጭራሽ አይደለም። እንዲህ የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1590/91 ሮም ላይ በዓረብኛ አንድ ወንጌል ታትሞ ነበር፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የሚባል ሰዓሊ የጌታን ሕይወት የነደፈበት፣ ያ መጽሐፍ እኛ አገር ገብቶ የጎንደር ዘመን ሰዓሊዎች ከሱ እያዩ የብራና ወንጌሎቻችን ላይ ሳሉ። ግን የኛ አደረጉት፣ ጥላውንና ጭረቱን ትተው ደማቅ ቀለም ሞሉበት፣ የሚያስፈልገውን ብቻ አስቀርተው የቀረውን ጣሉት። ኵርዓተ ርእሱም እንደዛው ነው፣ የእሾህ አክሊል የደፋው ጌታ፣ አውሮፓ የተሳለ ነው ግን ነገሥታቱ ዘመቻ ይዘውት የሚወጡት ሥዕል ሆነ፣ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እንግሊዞች ወሰዱት። የኛ ሰዓሊዎች ያንን ፊት ስንት ቦታ ደግመው እንደሳሉት ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። የሩቁን ትተን የአንኮበሩን ልጅ አፈወርቅ ተክሌን ውሰዱ፣ 1925 ዓ.ም. እዚሁ አንኮበር የተወለዱት፣ ለንደን ስሌድ የሚባል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው ተምረው ሲያበቁ እዛው አውሮፓ ላይብረሪዎች ውስጥ ያሉትን የኛን የብራና ሥዕሎች ቁጭ ብለው አጠኑ፣ አገር ቤት መጥተው አራዳ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ውስጥ ሳሉ። ማየት ጥሩ ነው፣ ግን የምታዩት ነገር እያንዳንዱ ምን እንደሚል ሳታውቁ እጃችሁን አታንሱ።

ሁለተኛ የማልረሳው ነገር አለ፣ ይሄኛው ደግሞ የማይታረም ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ የአንድ ቤተክርስቲያን ኮሚቴ የድሮው ሥዕል ደብዝዟል አድስልን አለኝ። ከነዛ ውስጥ ጥምቀት ነበር፣ ጌታችን ዮርዳኖስ መሀል ቆሞ ዮሐንስ እጁን ዘርግቶ፣ ርግቧ ከላይ። ከጌታችን እግር ሥር ጠፍጣፋ ግራጫ ነገር አለ፣ በላዩ ላይ ጭረት ጭረት ይታያል። ቆሻሻ መሰለኝ፣ ወይ ውሃ የገባበት ቦታ። በዘይት ቀለም ሰማያዊ ውሃ ሞላሁበት፣ አሳም ጨመርኩበት። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ጃን ሜዳ አይደለም እዚሁ የኛው ጥምቀተ ባሕር ላይ ቆሜ መምህሩ ሲያስተምሩ ሰማሁ፣ ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን «አዳም ገብሩ ለዲያብሎስ፣ ሔዋን አመቱ ለዲያብሎስ» ብሎ በሁለት ዕብነ ሩካም ላይ አስጽፎ አንዱን በዮርዳኖስ አንዱን በሲኦል እንዳስቀመጠው፣ ጌታችንም በጥምቀቱ ዮርዳኖስ ገብቶ ያንን የዕዳ ጽሕፈት ረግጦ እንዳጠፋው። ከልጅነቴ ስሰማው የኖርኩት ትምህርት ነው እኮ! ግን ያን ቀን ነው ያ ግራጫ ድንጋይ ዓይኔ ላይ የመጣው፣ ጭረቶቹ ፊደል ነበሩ። ያንን የሳለው አባት ስሙን አልጻፈም፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ እግዚአብሔር ነው ሚያውቀው፣ እኔ በአንድ ቀን ከሰዓት አጠፋሁት። ታቦቱ ሲመለስ እልል ይባላል እኔ አለቅሳለሁ፣ ሰው በደስታ መሰለው።

ስለዚህ እባካችሁ በድሮ ሥዕል ላይ አትቀቡ። «አድስልን» ሲሏችሁ ገንዘቡ ቢያጓጓም እምቢ በሉ፣ ወይም ሌላ ግድግዳ ላይ አዲስ ልሳልላችሁ በሉ። ጭስና ጧት ማታ የሚታጠነው ዕጣን ያጠቆረውን በእርጥብ ጨርቅ በኦሞ ምናምን የሚጠርጉ አሉ፣ ቀለሙ ከሙጫው ጋር ነው ተያይዞ የሚመጣው፣ አንዴ ከተነሳ አይመለስም። ስልክ ኪሳችሁ ውስጥ አለ አይደል፣ ፎቶ አንሱት፣ ከነጠርዙ፣ ጥጉን ሁሉ አጉልታችሁ። ያልገባችሁ ነገር ካለ የአብነት መምህር ጠይቁ። ለሀገረ ስብከትና ለቅርስ ባለሙያ አሳውቁ። ግድግዳው ከመፍረሱ ወይም ከመቀባቱ በፊት ቢያንስ ምስሉ ይቅር።

ታዲያ ሁሉም ነገር የተከለከለ ነው ወይ የሚል አይጠፋም። አይደለም። የልደትን ሥዕል ውሰዱ፣ ላምና አህያ በትንፋሻቸው ሲያሞቁት፣ ሰሎሜ፣ ዮሴፍ፣ መላእክት፣ ይሄ ያለ ነው። እረኞቹ ግን ምን ይልበሱ? እኔ አንድ ክረምት ጓሳ አካባቢ ከእረኞች ጋር ሦስት ቀን አሳልፌያለሁ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንዱ ልጅ የመንዝ ባና ተከናንቦ አንገቱ ሥር በእጁ ጨብጦ ይይዘዋል፣ ዝናቡ ሲያባራ ሱፉ ጫፍ ላይ ያለው ጠብታ አይወርድም እዛው ተንጠልጥሎ ያበራል። ከዛ በኋላ የሳልኳቸው እረኞች ሁሉ ባና ለብሰዋል፣ አንደኛው የገና ዱላ ይዟል። ቄሶቹም ሰዉም ደስ አላቸው፣ ልጆች «አባባን ይመስላል» ይላሉ። ልባችሁን የምታፈሱበት ቦታ ይሄ ነው፣ ልብሱ፣ ተራራው፣ የበጉ ፊት።

ስቅለትን በተመለከተ ብዙ እጽፍ ነበር፣ ዋና ዋናውን ልበል። ከኢንተርኔት የምታወርዱት ስቅለት ብዙውን ጊዜ ከኋላው ቀይ የፀሐይ መጥለቂያ አለው፣ ያምራል ግን የኛ አይደለም የወንጌሉም አይደለም፣ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ሆነ ነው የሚለው። ፀሐይ ጨለመ ጨረቃ ደም ሆነ፣ ለዚህ ነው አባቶች ሁለቱንም ከመስቀሉ ግራና ቀኝ የሚስሏቸው። እመቤታችን በቀኙ ዮሐንስ በግራው፣ ከሥር የአዳም ራስ ቅል፣ ደሙ እሱ ላይ ይወርዳል። የ13ኛውና የ14ኛው ክፍለ ዘመን የብራና ወንጌሎቻችን ላይ ደግሞ መስቀሉ ባዶ ሆኖ ከላዩ በግ ተስሎ ሁለቱ ወንበዴዎች ብቻ ተሰቅለው ታገኛላችሁ፣ ይሄን መጀመሪያ ሳይ ረጅም ጊዜ ቆሜ ነው ያየሁት፣ «ነዋ በግዑ ለእግዚአብሔር» የሚለውን ቃል እንዳለ አምጥቶ ማስቀመጥ ነው እኮ። ዓርብ ዕለት ሳትቆሙ ሳትሰግዱ ስቅለት አትሳሉ፣ ጉልበታችሁ እየተንቀጠቀጠ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምን እንደሚሰማ ከፎቶ አታገኙትም።

ደግሞ ለንጊኖስ አለ። ጎኑን በጦር የወጋው፣ አንድ ዓይኑ ጠፍቶ የነበረ፣ ደሙ ሲፈናጠቅበት የበራለት። እንግዲህ ይሄን ሰው እንዴት ትስሉታላችሁ? ወታደር ነው፣ ጦር ይዟል፣ በሥርዓቱ አንድ ዓይን ነው። ግን እዛችው ቅጽበት ላይ አማኝ ሆነ። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ይሄ ሕግ አይደለም የራሴ ነው። በጎን ቆሞ ከነበረበት ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ወደ እኛ አዞረዋለሁ፣ ሁለተኛው ዓይኑ ከአፍንጫው ወዲያ ብቅ ሲል ነጩ ብቻ እንደ ክር ይታያል፣ ቅንድቡ ላይ አንዲት የደም ጠብታ። ያችን ነጭ ክር ሁልጊዜ የመጨረሻ ነው ማስገባት፣ ቀጭን ብሩሽ ይዤ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ነው። አንድ ጊዜ ሰባት ቀን ዘግይታብኛለች፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ባነር ላይ ፕሪንት አድርጎ መለጠፍን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ ፀሐይ ባገኘው በጥቂት ዓመት ይነጣል፣ ላስቲኩም ግድግዳው እንዳይተነፍስ አድርጎ ከኋላው እርጥበት ይይዛል። አቡጀዲውን ወጥሩ፣ ሙጫውን በደንብ አፍሉ፣ ጀሶውን አሳሱ፣ እስኪደርቅ ታገሱ።

መንዜው ልጄ፣ አንተ ደግሞ ሸራው ገና ግድግዳው ላይ ካልተለጠፈ ጊዜ አለህ። አራተኛውን ሰውዬ አክሊሉን አንሳ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙረው፣ ከረጢቱን አትንካው። ቡናማው ቀለም ካለቀብህ እኔ ጋ አለ፣ ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ ብቅ በል፣ ሸራውንም ጠቅልለህ ይዘኸው ና አብረን እናየዋለን።