ከካሜራው በፊት መዝገቡ፦ በባሕር ዳር አውሮፕላን መመልከት ለጀመሩት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣ በባሕር ዳር እንደሚኖሩ፣ የሚያርፉትንና የሚነሡትን አውሮፕላኖች ፎቶግራፍ እያነሡ የእያንዳንዳቸውን ታሪክ መሰብሰብ እንደሚፈልጉ ገልጸው የትኛው ካሜራ እንደሚሻል ጠይቀዋል። በሌላ ክልል ከተማ ይህንኑ ለዓመታት ስሠራ የቆየሁ ሰው ነኝና ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። የአንድ አውሮፕላን ታሪክ የሚገኘው በላዩ ከተጻፉት ፊደሎች ነው፤ ፊደሎቹን ለመያዝ ደብተርና እርሳስ ይበቃል፤ በካሜራ ምክንያት ብዙ ተንገላትቻለሁ፣ ደብተሬን ግን እስከ ዛሬ ማንም አልነጠቀኝም።

አንደኛ፣ የምዝገባ ምልክቱን ሙሉውን ይጻፉ። «ኢቲ» ከሚለው የአገራችን መለያ ቀጥለው የሚመጡት ሦስት ፊደሎች አብዛኛውን ጊዜ በአካሉ የኋላ ክፍል ይገኛሉ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ በግራው ክንፍ ሥርም ቁመታቸው ከ50 ሴንቲ ሜትር ባላነሰ መጠን እንዲጻፉ ስለሚያዝ፣ ለማረፍ ዝቅ ብሎ በላይዎ ሲያልፍ ያለ ምንም መሣሪያ ሊያነብቧቸው ይችላሉ። እናንተ ዘንድ የሚመላለሰው፣ ኪው 400 የተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ክንፉ ከአካሉ በላይ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። መንገደኛ ሆነው ከሄዱ ደግሞ ከተርሚናሉ እስከ ደረጃው በእግር ሲጓዙ ፊደሎቹን በቃልዎ ይዘው መቀመጫዎ ላይ ሲደርሱ መጻፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ፊደሎቹ ስለ ዕድሜ የሚነግሩዎትን በጥንቃቄ ይቀበሉ። በአየር መንገዳችን ምዝገባ ፊደሎቹ በግርድፉ ከዘመኑ ጋር አብረው እንደሚሄዱ እውነት ነው፤ በ1987 እ.ኤ.አ. የመጡት ኤአይዜድና ኤጄኤ ነበሩ፣ በ2012 ከመጡት ቦይንግ 787 ድሪምላይነሮች አንዱ ኤኦፒ ነው፣ በ2018 የገባው ቦይንግ 737 ማክስ ኤቪጄ ነበር። ነገር ግን ፊደሉ የመኪና ታርጋ ነው፤ አውሮፕላኑ አገርና ባለቤት ሲለውጥ እርሱም ይለወጣል። ከተወለደ እስኪፈርስ የማይለወጠው፣ እንደ ሻንሲ ቁጥር የሚቆጠረው፣ የፋብሪካው ተከታታይ ቁጥር ነው። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ከቤይሩት ተነሥቶ ባሕር ውስጥ የወደቀው፣ የ90 ሰዎች ሕይወት የጠፋበት ቦይንግ 737-800 ምልክቱ ኢቲ-ኤኤንቢ ነበር። ፊደሉን ብቻ ያየ ሰው አዲስ አውሮፕላን ነበር ብሎ ይጽፋል፣ እንዲህ ብለው የጻፉም አጋጥመውኛል። አውሮፕላኑ ግን ከ2002 ጀምሮ ኢአይ-ሲኤስደብሊው በሚል ምልክት ለአየርላንዱ አየር መንገድ ለራያንኤር ሲሠራ ቆይቶ ወደ እኛ የመጣው በ2009 ነው። ስለዚህ በደብተርዎ ለፊደሉ አንድ ዓምድ፣ ለፋብሪካው ቁጥር ሌላ ዓምድ ያስምሩ፤ ሁለተኛው ባዶ እስከሆነ ድረስ የዚያን አውሮፕላን ታሪክ ጨረስኩ አይበሉ።

ሦስተኛው የፈቃድ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መጻፍ ይኖርብኛል። የክልል ማረፊያዎቻችን ብዙዎቹ ጥበቃቸው ጠበቅ ያለ ነው፣ በአንዳንዶቹም ከሲቪሉ አገልግሎት ጎን የጦር ኃይሉ ይዞታ አለ፤ ስለዚህ ያለ ፈቃድ ካሜራ ማውጣት ፈጽሞ አይታሰብ። እኔ ፈቃድ ለማግኘት ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ ቢሮ ከመሥሪያ ቤቴ የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይምጡ፤ በነጋታው ደግሞ ደብዳቤው ገና አልተመራም። በመጨረሻ ሲያነጋግሩኝ፣ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ሆኜ ሳለ ወንበር እንኳ ሳይጋብዙኝ «አንተ አውሮፕላን አይተህ አታውቅም? አውሮፕላን ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» አሉኝ። በትሕትና አስረድቼ ፈቃዱን ሰጡኝ፤ በጽሑፍ ይሁንልኝ፣ ለጥበቃ ክፍሉም ግልባጭ ይደረግልኝ ብዬ ስለምን ግን «ተፈቅዶልሃል ተብለሃል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ብለው አሰናበቱኝ። በተባለው ቀን በር ላይ ያሉት ጠባቂዎች ስለ እኔ የሰሙት ነገር አልነበረም። ወደ ኃላፊው ሲደወል እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም አሉ። ካሜራዬ ተወስዶ ለሳምንታት ቆየ፤ ሲመለስልኝ የልጄ ምርቃት ፎቶግራፎች እንኳ ሳይቀሩ ተደምስሰው ነበር። ጠባቂዎቹን አልወቅስም፣ የታዘዙትን ነው የፈጸሙት፤ የገዛ ቃላቸውን የካዱትን ኃላፊ ግን እስከ ዛሬ ይቅር ለማለት ይከብደኛል። እርስዎ ከሄዱ ደብዳቤው ስምዎን፣ ቀኑን፣ የሚቆሙበትን ቦታና የካሜራዎን ዓይነት የሚገልጽ፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት፣ ከታች «ግልባጭ፦ ለጥበቃ» የሚል መስመር የሰፈረበት መሆኑን ሳያረጋግጡ ከቢሮው አይውጡ።

ፎቶግራፎቹ ሁሉ ሲጠፉ ደብተሬ ተርፎልኝ ነበርና በእርሱ ብዙ ሠርቻለሁ። አንድ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ቴክኒሺያን የቤታቸውን አልበም ሲያሳዩኝ ልጆቻቸው «ዳሽ» (ኪው 400 የሚጠራበት ሌላ ስም ነው) ብለው የጻፉበት ሥዕል አየሁ። ክንፉ ከላይ ነው፣ ፕሮፔለሩም እንደ ኪው 400 ባለ ስድስት ምላስ ነው፤ አግድም የተዘረጋው የጅራት ክንፍ ግን እንደ ኪው 400 ቀጥ ብሎ በቆመው ጅራት ጫፍ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ፎከር 50 ነው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የመጡትና ኪው 400 ከ2010 ጀምሮ የተካቸው አውሮፕላኖች ናቸው። ፊደሉን ከደብተሬ ጋር ሳስተያይ አንዱ እርሱ ሆኖ ተገኘ። አባትየው በገዛ እጃቸው የጠገኑት አውሮፕላን ትክክለኛ ስሙን ሲያገኝ እንዴት እንደተደሰቱ ባየሁ ጊዜ ያ ሁሉ መንገላታት ተረሳኝ።

አሁን ወደ እርስዎ ከተማ ልመለስ፤ እርስዎ ማንም ሌላ ቦታ ያለ ተመልካች የሌለው ነገር አለዎት። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ኢቲ-ኤጄኤ የተባለው ቦይንግ 737-200፣ አየር መንገዳችን ከተረከበው ዓመት ያልሞላው፣ ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ቢሞክሩም ሞተሮቹ ኃይል ስላጡ ጎማ ሳያወርዱ ሜዳ ላይ አሳረፉት፤ እሳትም ተነሣ። ከ104ቱ ሰዎች 35ቱ ሞቱ፣ 69ኙ ተረፉ። ይህን ያህሉ በየመዝገቡ አለ። በመዝገብ የሌለው፣ በዚያ ጠዋት ማረፊያው ውስጥ የሠሩት፣ ወደ ስፍራው የሮጡት ገበሬዎች፣ ቁስለኞችን የተቀበሉት የጤና ባለሙያዎች የሚያስታውሱት ነው፤ ያኔ ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ ወደ ስድሳ እየተጠጋ ስለሆነ ጊዜ የለም። ካሜራው የሚቆየውን ያህል ይቆይ፣ ከዚህ ይጀምሩ።

ሰው የሞተባቸውን ቤተሰቦች ሲጠይቁ በቅድሚያ የሚያውቃቸው ሽማግሌ ይላኩ፤ እምቢ ካሉም ሁለተኛ አይሂዱ። የሚነግሩዎትን ቀንና ሰዓት በአፋቸው እንደ ወጣ ይጻፉት፤ የውጭ መዝገቦች ያንኑ ቀን ሴፕቴምበር 15፣ 1988 ይሉታል፣ ሰዓቱንም በግሪንዊች ይቆጥራሉ፤ እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት የምንለው በእነርሱ ስድስት ሰዓት ነው። ልወጣውን በሌላ ዓምድ ያስፍሩ እንጂ የሰውየውን ቃል አያርሙ።